የፉትቦል ተጫዋች ልጃችሁ በኮሌጅ አሠልጣኞች ዘንድ እንዲታወቅ

ልጃችሁ አሜሪካ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቡድን የአሜሪካ ፉትቦል የሚጫወት ከሆነ፣ የኮሌጅ መልማዮች ራሳቸው መጥተው እስኪያገኙት አትጠብቁ። ብዙ አሠልጣኞች አንድን ተጫዋች መጀመሪያ የሚያዩት በሜዳ ሳይሆን በቪዲዮ ስለሆነ፣ ሃድል በተባለው የስፖርት ቪዲዮ ማጋሪያ ድረ ገጽ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚሆን የምርጥ እንቅስቃሴዎች ስብስብ ያዘጋጅ። እጅግ የተዋጣላቸው እንቅስቃሴዎች መጀመሪያ ላይ ይግቡ፤ በቀን ብዙ ቪዲዮ የሚያይ አሠልጣኝ ቶሎ ካልተማረከ ወደ ሌላው ይሻገራልና። ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ምስሉ ለአፍታ ቆሞ ልጁ ያለበት ቦታ በክብ ወይም በቀስት ምልክት ይደረግበት፤ የራስ ቁር ካጠለቁ 22 ተጫዋቾች መካከል እሱን በአንድ እይታ የምትለዩት እናንተ ወላጆቹ ብቻ ናችሁ።

ቪዲዮውን ልጁ ራሱ፣ ለዋናው አሠልጣኝ ብቻ ሳይሆን እሱ የሚሰለፍበትን ቦታ ለሚያሠለጥነው ረዳትም በኢሜይል ይላክ፤ ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ የሚመረቅበትን ዓመትና የትምህርት ውጤቱንም ይጥቀስ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ትምህርቱ ነው። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት በሚመራው ማኅበር፣ በኤንሲኤኤ ደንብ መሠረት፣ በአንደኛው ዲቪዚዮን (በከፍተኛው የውድድር ደረጃ) ገና በመጀመሪያው ዓመት ለመወዳደር 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን ከ4.0 ቢያንስ በ2.3 አማካይ ነጥብ ማጠናቀቅ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ 10ሩ የ12ኛ ክፍል ትምህርት ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ ስላለባቸው፣ ልጁ 9ኛ ክፍል ሳለ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ሄዳችሁ አነጋግሩ። ሦስተኛው ዲቪዚዮን የስፖርት ስኮላርሺፕ ባይሰጥም፣ በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ሊገኝበት ስለሚችል ከዝርዝራችሁ አታውጡት።