ኮንሶሉ የማያውቀውን መብራት እንዴት እናስተዋውቀው?

ሐሙስ ከሰዓት ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ አራት ሙቪንግ ሄዶች፣ ማለትም ጭንቅላታቸው የሚዞር የመድረክ መብራቶች፣ ከሳጥን ወጡ። ያከራየን ልጅ «አዲስ ዕቃ ነው፣ ገና መግባቱ ነው» አለን። እውነትም አዲስ ነው። ኮንሶሉ (መብራቶቹን የምንቆጣጠርበት መሣሪያ) ላይ ስሙን ብንፈልገው ግን የለም። ቴአትሩ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ጊዜ ስላጠረን ስሙ የሚቀራረብ የሌላ መብራት ፕሮፋይል (መብራቱን ለኮንሶሉ የሚያስተዋውቅ ፋይል) መረጥንና ሥራ ጀመርን።

ቅዳሜ ተዋናይቷ ብቻዋን ቆማ ዝቅ ባለ ድምፅ ትናገራለች። ቀለሙን ቀስ አድርጌ ልቀይር ስል አራቱም መብራቶች ድርግም አሉ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን እየጮኹ ወዲያና ወዲህ ማዞር ጀመሩ። በተዋስነው ፕሮፋይል «ቀለም» የተባለው ቻናል በእነዚህ መብራቶች ላይ ሪሴት፣ ማለትም መብራቱን እንደ አዲስ የሚያስነሳ ትእዛዝ፣ ኖሯል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆየ። እሷ ንግግሯን አላቋረጠችም፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ የራሴን ፕሮፋይል ሳልሠራ አላውቅም። እንዴት እንደምሠራው ላሳያችሁ።

ኮንሶል መብራቱን አያየውም። በኬብሉ የሚልከው ቁጥር ብቻ ነው። በአንድ ዩኒቨርስ (በአንድ የኬብል መስመር) 512 ቻናል አለ፣ እያንዳንዱ ቻናል ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይይዛል። ዲኤምኤክስ512 የሚባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲወጣ የወሰነው ቁጥሩ እንዴት እንደሚጓዝ ነው። የትኛው ቻናል ምን ይሥራ የሚለውን ለአምራቹ ተወው። ስለዚህ 6ኛው ቻናል ላይ 128 ብትልኩ አንዱ መብራት በግማሽ ይደምቃል፣ ሌላው ቀይ ይሆናል፣ ሦስተኛው ብልጭ ድርግም ይላል። ፕሮፋይል ማለት ለኮንሶሉ «በዚህ መብራት 6 ማለት ይሄ ነው» ብሎ የሚነግር ፋይል ነው።

እኔ የማሳየው ኪውኤልሲ ፕላስ በሚባል የመብራት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የሚያስፈልጋችሁ ተጨማሪ ነገር ከዩኤስቢ ወደ ዲኤምኤክስ የሚቀይር ገመድ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ኮንሶሎች ላይም ሐሳቡ ያው ነው። ግራንድኤምኤ 2 «ፊክስቸር ቢልደር» ይለዋል፣ ቻምሲስ «ሄድ ኤዲተር»፣ አቮላይትስ «ፐርሰናሊቲ ቢልደር»።

መጀመሪያ ወደ መብራቱ ሂዱ። ከኋላው ባለችው ትንሽ ስክሪን ሜኑውን ክፈቱና ሞዱን እዩ። አንድ መብራት ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሞድ አለው፣ ለምሳሌ ባለ 11 ቻናልና ባለ 16 ቻናል። አንዱን ምረጡና አራቱንም እዚያው ላይ አድርጉ። አንዱ እንኳ በሌላ ሞድ ከቀረ ፕሮፋይሉ የቱንም ያህል ቢያምር ያ መብራት ያበላሻችኋል። ለሙከራው አንዱን ብቻ አድሬስ (መነሻ ቻናል) 1 ላይ አድርጉና ሌሎቹን ንቀሉ።

ቀጥሎ ወረቀትና እስክሪብቶ። ይሄን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ግን ዋናው ሥራ ይሄ ነው እላለሁ። ማኑዋል ካለ አጠገባችሁ አድርጉት፣ ግን አትመኑት። የአንዱ ሞዴል ማኑዋል በሌላ ሳጥን ውስጥ ገብቶ አግኝቼ አውቃለሁ። የምታምኑት ግድግዳው ላይ የምታዩትን ብርሃን ነው። አዳራሹን አጨልሙ። ኪውኤልሲ ላይ «ሲምፕል ዴስክ» የሚለውን ክፈቱ። ፌደሮች (የቻናሉን ቁጥር ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ መግፊያዎች) በተራ ቁጥር ተደርድረው ታገኛላችሁ። ሁሉንም ዜሮ አድርጉና አንድ በአንድ ከፍ አድርጉ።

እዚህ ላይ ጀማሪ የሚጨነቅበት ነገር አለ። ምንም ቢያነሳ ብርሃን አይወጣም፣ መብራቱ የተበላሸ ይመስለዋል። ሙቪንግ ሄድ ብርሃን የሚሰጠው ዲመሩም (ድምቀቱን የሚወስነው) ሸተሩም (ብርሃኑን የሚዘጋውና የሚከፍተው) ሲከፈቱ ነው። አንዳንዱ ሸተር ዜሮ ላይ ክፍት ነው፣ አንዳንዱ 255 ላይ፣ አንዳንዱ ደግሞ መሃል ባለች ጠባብ ቦታ። ስለዚህ አንዱን ፌደር 255 ላይ ትታችሁ ሌላውን ቀስ ብላችሁ አንሱ። ብርሃኑ ከወጣ በኋላ የቀረው ይቀላል።

ቀለምና ጎቦ (ብርሃኑን ቅርጽ የሚያስይዝ ሰሌዳ) ላይ ጊዜ ውሰዱ። የቀለም ዊል (ባለቀለም ማጣሪያዎች የተደረደሩበት የሚዞር ክብ) ያለው መብራት ቻናሉን በክፍል በክፍል ነው የሚጠቀምበት። በእኛዎቹ ላይ ማኑዋሉ ቀይ ከ10 ይጀምራል ይላል። ፌደሩን በአንድ አንድ ቁጥር ሳነሳ ግን ግድግዳው 8 ላይ ቀላ። ከላይኛው ግማሽ ጀምሮ ደግሞ ዊሉ ራሱን እየቻለ መሽከርከር ጀመረ። እንዲህ እያላችሁ የእያንዳንዱን ቀለም መነሻና መድረሻ ጻፉ። ምንም የማይሠራ ቻናል ካገኛችሁ እሱንም «ባዶ» ብላችሁ ጻፉት። ከዘለላችሁት ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ቦታ ይንሸራተታል። ፓን (የግራና ቀኝ መዞር) ያላችሁት ቲልት (የላይና ታች መዞር) ይሆናል፣ ቲልት ያላችሁት ሌላ። ሪሴቱን ስታገኙት ቁጥሩን በቀይ ክበቡት። ብዙ ጊዜ መጨረሻዎቹ ቻናሎች ላይ ነው የሚደበቀው።

ወረቀቱ ሲሞላ ላፕቶፑ ላይ «ፊክስቸር ዴፊኒሽን ኤዲተር» የሚለውን ክፈቱ። ከኪውኤልሲ ጋር አብሮ የሚጫን ነው። የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉንና ዓይነቱን ጻፉ። ከዚያ ቻናሎቹን አንድ በአንድ ፍጠሩ። ለእያንዳንዱ ስም ትሰጡታላችሁ፣ ዓይነቱን ትመርጣላችሁ፣ ከወረቀቱ ላይ «ከዚህ እስከዚህ ቀይ፣ ከዚህ እስከዚህ ሰማያዊ» እያላችሁ ትሞላላችሁ።

የቻናል ዓይነት ስትመርጡ አትቸኩሉ። «ኢንተንሲቲ» ብላችሁ የመዘገባችሁት ቻናል ግራንድ ማስተሩን (የሁሉንም ድምቀት በአንዴ የሚቆጣጠረውን ፌደር) ስታወርዱ አብሮ ይወርዳል። ዲመር ከሆነ ትክክል ነው። ጎቦን በስህተት እዚያ ካስገባችሁት ግን መድረኩን ለማደብዘዝ ባወረዳችሁ ቁጥር ጎቦው ይቀያየራል።

ፓንና ቲልት ላይ «ፋይን» የሚባል ሁለተኛ ቻናል ካለ በፍጹም እንዳትተዉት። በቁጥር እንየው። ፓኑ 540 ዲግሪ የሚዞር መብራት በአንድ ቻናል ብቻ ሲነዳ እያንዳንዷ እርምጃ ከ2 ዲግሪ ትበልጣለች። 10 ሜትር ርቆ ለቆመ ተዋናይ ይሄ ወደ 37 ሳንቲሜትር ዝላይ ነው፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ እንደማለት። ተዋናዩን በዝግታ ልከተል ስትሉ ብርሃኑ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ይዘላል። ፋይኑ እያንዳንዷን እርምጃ እንደገና ለ256 ይከፍላታል። ያኔ ዝላዩ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፣ ዓይንም አይለየውም። ኤዲተሩ ላይ አንዱን «ፓን» ሌላውን «ፓን ፋይን» ብላችሁ ከመረጣችሁ ፕሮግራሙ ሁለቱን ራሱ ያጣምራቸዋል።

ከዚያ ሞዱን ፍጠሩ። ስሙን ልክ መብራቱ ስክሪን ላይ እንዳለው አድርጉት፣ ቻናሎቹን በወረቀቱ ተራ አስገቡ። ፊዚካል የሚለው ቦታ ላይ ፓኑና ቲልቱ ስንት ዲግሪ እንደሚዞሩ ሙሉ። ሴቭ አድርጉና ኪውኤልሲን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት፣ አዲሱ መብራት ዝርዝሩ ውስጥ የሚታየው ያኔ ነው።

ሥራው አላለቀም። አራቱንም መብራቶች ሰክታችሁ አድሬስ ስጧቸው። ባለ 16 ቻናል ከሆኑ 1፣ 17፣ 33 እና 49 ይሆናል። አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ነጭ አድርጉ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ በ10 ሰከንድ ቀስ ብለው እንዲጠፉ እዘዙ። አንዱ ከቀሩት የተለየ ነገር ካደረገ ፕሮፋይሉን ከመንካታችሁ በፊት የዚያን መብራት ሞድና አድሬስ እዩ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው። አራቱም እኩል ከተሳሳቱ ግን ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። አልፎ አልፎ የሚርገበገብ መብራት ካያችሁ ኬብሉን ጠርጥሩ። የማይክ ኬብል መሰኪያው አንድ ዓይነት ስለሆነ ብዙ ቦታ ለዲኤምኤክስ ይውላል፣ ግን ለዚህ አልተሠራም። መጨረሻው መብራት ላይ የ120 ኦም ተርሚኔተር (የመስመሩን ጫፍ የሚዘጋ መሰኪያ) መሰካትም አትርሱ።

አንድ የኛ ከተማ ነገር ልጨምር። ልምምድ ላይ እያላችሁ መብራት ሄዶ ጀነሬተር እስኪነሳ ያለችውን ደቂቃ አስቡ። ሙቪንግ ሄዶቹ ኃይል ሲመለስ ራሳቸውን ሪሴት ያደርጋሉ፣ እሱ አያስጨንቅም። ላፕቶፑ ግን ባትሪው ደካማ ከሆነ አብሮ ይጠፋል፣ ገና ሴቭ ያላደረጋችሁት የአንድ ሰዓት ሥራም አብሮት ይሄዳል። እኔ አንድ ቻናል በጨረስኩ ቁጥር ሴቭ አደርጋለሁ።

ፋይሉ መጨረሻው «.ኪውኤክስኤፍ» ነው፣ ትንሽዬ ናት። የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉንና የቻናሉን ብዛት በፋይሉ ስም ላይ ጻፉና ፍላሽ ላይ ገልብጡ። እኔ የእነዚያን አራት መብራቶች ፋይል ላከራየን ልጅም ሰጠሁት። ቀጣዩ ጊዜ ስንከራይ ሳጥኑን ስከፍት ፍላሹን ክዳኑ ውስጥ በፕላስተር ለጥፎት አገኘሁ፣ ከላዩ በማርከር «16 ቻናል፣ የተሞከረ» ብሎበታል።