የኮንትራክተር መስፈርት ለሥራ አስኪያጅ ስናቀርብ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና ድርጅት የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። የጻፍኳቸው የኮንትራክተር መስፈርቶች ብዙ ጊዜ ተመልሰውብኛል። ጥፋቱ የሥራ አስኪያጁ አልነበረም፤ በቅጡ ያላስረዳሁት እኔ ነኝ።

ከዕቃው ስም መጀመር። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከቢሯችን እስከ መጋዘኑ 160 ሜትር ያህል ነው። «ፋይበር የሚበይድ ኮንትራክተር ያስፈልጋል» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ «ተራውን ገመድ በግማሽ ዋጋ የሚዘረጋ አለ አይደል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የነገርኳቸው ስሙን ብቻ ነው። በማግስቱ ተመልሼ ገባሁ። «ጋሼ፣ የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ልኩ 100 ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ ይቆራረጣል። በዚያ ላይ የጅማ ክረምት መብረቁን ያውቁታል። መዳብ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጫፍና ጫፍ ያለውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ብረት የሌለበት ፋይበር ግን መስታወት ነው፤ አያስተላልፍም።» ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ሚዛን ላይ የተመዘገበው ኪሎ ቢሮ ሳይደርስ ቢቀርስ? ቡና የጫነው መኪና ቆሞ ሊያድር ነው?» አሉ። መጀመር የነበረብኝ ከዚህ ነበር።

የግድ የሚያስፈልገውንና ቢኖር ጥሩ የሆነውን መቀላቀል። በጀት ሲጠብ የሆነ ነገር መሰረዙ አይቀርም። የቱ ቢቀር እንደሚጎዳ ካልጻፍን ሥራ አስኪያጁ በምን ይወቁ? እኛ ጋ አንዴ የኤርዝ ሥራው፣ ማለትም አደገኛ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር፣ ተሰርዞ የኔትወርክ ዕቃ ማስቀመጫው ካቢኔ መስታወት በር ግን ሳይሰረዝ አለፈ። እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን ሁለቱን ለየብቻ እጽፋለሁ፤ ከእያንዳንዱ የግድ ጎንም ቢቀር የሚመጣውን ችግር በአንድ መስመር አስቀምጣለሁ።

«የ10 ዓመት ልምድ» ብሎ መጻፍ። ለምን 10? መልስ ከሌለን መስፈርቱ ለአንድ ሰው የተሰፋ ይመስላል። ተመሳሳይ ሥራ የሠራበትን ቦታ ያሳየን ማለት ይበልጣል። የብራንድ ስምም እንዲሁ ነው፤ «ወይም ተመጣጣኝ» ካልታከለበት ጥርጣሬ ያስነሳል።

ርክክቡን መርሳት። ኮንትራክተሩ «ጨርሻለሁ» ሲል የክፍያው ፊርማ የሥራ አስኪያጁ ነው። እሳቸው የሚያዩት ገመዱ በወጉ መታሰሩን ነው። ውስጡ ይሥራ አይሥራ በዓይን አይታይም። ይህን ያስረዳኋቸው በቡና ነው፤ እርጥበቱን በመለኪያ ሳናይ አንረከብም አይደል? ገባቸው። አሁን የእያንዳንዱ መስመር የፍተሻ ውጤት ታትሞ ጠረጴዛቸው ላይ ሳይቀመጥ የመጨረሻውን ክፍያ አይፈርሙም።