የተራራ ስኖሞቢል የትራክ ርዝመት እንዴት ይመረጣል?

የእህቴ ልጅ ለገና ከካናዳ፣ ከካልጋሪ መጥቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ስልኩን ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን ልገዛ ነው። 175 ነች።»

ስኖሞቢል ነው። በረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር።

«175 ምኗ ነው?» አልኩት።

«ትራኩ ነዋ! ከሁሉም ትልቁ እኮ ነው።»

«ትልቁ ለምን አስፈለገህ?»

ዝም አለ። ወደ ሐይቁ አየ። እኔም ልተወው አልቻልኩም።

ወደ አገሬ ከመግባቴ በፊት ሬቭልስቶክ አጠገብ ስኖሞቢል የሚያከራይ ጋራዥ ውስጥ ጥቂት የበረዶ ወራት ሠርቻለሁ። ሬቭልስቶክ ከካልጋሪ ወደ ምዕራብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የተራራ ከተማ ናት። ደንበኛ መጥቶ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የሞተሩን ጉልበት ነበር። የትራኩን ርዝመት የሚጠይቀው ተቀብሮ ሲመለስ ነው። ካልጋሪ፣ ኤድመንተን፣ ዴንቨር ያላችሁ ልጆችም ዘንድሮ እየገዛችሁ እንደሆነ ስለሰማሁ፣ ያን ቀን ለእሱ ያልኩትን እዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሆነ እወቁ

ስኖሞቢል ከፊት ሁለት ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰሌዳ፣ አለው። ከኋላ ደግሞ በጎማ የተሠራ፣ ጥርስ ያለው ሰፊ ቀበቶ ይሽከረከራል። ትራክ የሚባለው ይኼ ነው። የዶዘር ሰንሰለት አስቡ፣ ብረቱን ግን በጎማ ተኩት።

154፣ 165፣ 175 የሚባለው ቁጥር ኢንች ነው። ብዙ ሰው መሬት የሚነካው ርዝመት ይመስለዋል። አይደለም። ቀበቶው ተቆርጦ ቢዘረጋ የሚኖረው ጠቅላላ ርዝመት ነው። መሬት የሚነካው ከግማሽ በታች ነው፤ የቀረው ከላይና ከዳር እየዞረ ነው ያለው።

ስለዚህ በሁለት ትራኮች መካከል ያለውን ልዩነት ለሁለት አካፍሉት። ከ146 ወደ 165 ብትሄዱ ልዩነቱ 19 ኢንች ነው። መሬት ላይ የሚጨምርላችሁ 9.5 ኢንች፣ ማለትም 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የትራኩ ወርድ 15 ኢንች፣ 38 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ተጨማሪው መርገጫ 900 ካሬ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የአንድ ትንሽ ትሪ ስፋት በሉት። ትንሽ ይመስላል። ወገብ የሚደርስ በረዶ ላይ ግን በመንሳፈፍና በመቀበር መካከል ያለው ልዩነት እሱ ሊሆን ይችላል።

የገበያው ቁጥር በግርድፉ እንዲህ ነው። ከ120 እስከ 137 ኢንች ለተጠቀጠቀ መንገድ ነው። ከ137 እስከ 146 ባለው መካከል ለመንገዱም ለበረዶውም የሚሆኑ ቅይጦች አሉ። ከ146 እስከ 175 የተራራ ነው።

በረዶውን እንጂ ማሽኑን አታስቀድሙ

ባሕር ዳር ላይ «በረዶ ጣለ» ሲባል ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው፤ ጠጠሩ። እዚያ የሚጥለው ሌላ ነገር ነው። እኛ አመዳይ የምንለው ለእሱ ይቀርባል። እሱም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም።

የዩታ፣ የኮሎራዶና የዋዮሚንግ ተራሮች በረዶ ብዙ ጊዜ ደረቅና ቀላል ነው። ዱቄት ነው። ቆንጥራችሁ እፍ ብትሉት ይበናል። እንዲህ ያለው አይሸከምም፤ ሰፊና ረጅም መርገጫ ይፈልጋል። ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ የተጠጉት የዋሽንግተንና የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራሮች ደግሞ እርጥብና ከባድ በረዶ ያገኛሉ። እሱ ይጨመቃል፤ አጠር ያለ ትራክም ይሸከማል።

አጭር ትራክ ጥልቅ ዱቄት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በራሴ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ዓመቴ ላይ፣ ማንም ሳያየኝ 137 ይዤ ከመንገድ ወጣሁ። ጋዝ ስሰጠው ወደፊት ከመሄድ ይልቅ ከኋላው መቆፈር ጀመረ። የባሰ ሰጠሁት። የባሰ ቆፈረ። በመጨረሻ አፍንጫው ወደ ሰማይ፣ ጀርባው ጉድጓድ ውስጥ ሆነ። ፎገራ ላይ በክረምት ዋልካ የያዘው መኪና ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጋዝ በረገጥክ ቁጥር መቃብርህን ትምሳለህ። ማሽኑ 200 ኪሎ ይመዝናል። ከባልደረባዬ ጋር ግማሽ ቀን በአካፋ ቆፍረን አወጣነው። ከዚያ ቀን በኋላ ጋራዡ ውስጥ «ቆፋሪው» ነበር ስሜ።

እንግዲህ ራሳችሁን ጠይቁ። ከአሥር ቀን ስንቱን ነው ጥልቅ ዱቄት ላይ የምትውሉት? ሰባቱን ቀን በተጠቀጠቀ መንገድ የምትነዱ ከሆነ ሐቁ እሱ ነው። ቪዲዮ ላይ ያያችሁትን ገደል አስባችሁ አትግዙ።

ሞተሩ ትራኩን መጎተት ይችላል?

ረጅም ትራክ ክብደት ነው። ክብደቱም ዝም ብሎ የተቀመጠ ሳይሆን የሚሽከረከር ነውና ሞተሩን ይበላዋል።

ከፍታ ደግሞ የቀረውን ይወስዳል። አየር ሲሳሳ፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ጣና ዳር የሚሮጠው ባጃጅ ሁሉ ባሕር ወለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ከ15 በመቶ በላይ ትቶ ነው የሚሮጠው፤ ማን ልብ ይለዋል? ኮሎራዶ ውስጥ 3,000 ሜትር ላይ የሚነዳ ሰው ሲሶውን ያህል ያጣል።

ስለዚህ 600 ሲሲ ሞተር ላይ 174 ወይም 175 አትጫኑ። ለ600ው 146 ወይም 154 ይበቃዋል። 850 ሲሲ የሆኑት 165 በደንብ ይጎትታሉ። 174ና 175 ትርጉም የሚሰጡት ብዙ ጉልበት ሲኖር፣ በተለይ ቱርቦ ሲኖር ነው። ስኪ-ዱና ፖላሪስ ከፋብሪካ ቱርቦ ያላቸውን የተራራ ማሽኖች አውጥተዋል። የእህቴ ልጅ ያሳየኝ ቱርቦ የለውም። ይኼን ስነግረው ቡናውን አስቀመጠ።

ከዚያ ራሳችሁን መዝኑ

እዚህ ላይ ሰው ይቀየመኛል፣ ግን ልበለው። ትራክ የሚመረጠው ለሰውነትም ነው።

ስናወራ አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ማገዶ ጭኖ አለፈ። ረጅም ታንኳ ነው። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያምራል፤ ጭነቱንም ይሸከማል። ለማዞር ግን ሰውየው መቅዘፊያውን ስንት ጊዜ እንደመታ ቁጠሩ። አጠገቡ አንድ ልጅ በትንሽ ታንኳ ሁለት ጊዜ ቀዝፎ ዞረ። «ያውልህ» አልኩት፣ «165 እና 146።»

ረጅም ትራክ ቀጥታ መሄድ ይወዳል። ዳገት ላይ በረዶውን ይዞ ይወጣል፣ ስህተትንም ይሸፍናል። ዛፍ መሐል ግን፣ ጠባብ ቦታ ላይ፣ በጎን አጋድሞ ማዞር ጉልበት ይጠይቃል። አጭሩ እንደ ፍየል ነው፤ የትም ይዞራል፣ ሲሳሳቱበት ግን ይቀብራል።

አንዲት ቀጠን ያለች ደንበኛ ነበረችን። ከእሷ በፊት የመጣው ጓደኛዋ «ትልቁን ስጧት፣ አትቀበርም» ብሎ 174 አስይዟት ሄደ። አልተቀበረችም፤ እውነቱን ነው። ማታ ስትመለስ ግን ክንዷን ማንሳት አቅቷት የራስ ቁሯን ያወለቅኩላት እኔ ነኝ። በማግስቱ 146 ሰጠኋት። ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች።

የእኔ ፍርድ ይኼ ነው። ከ70 ኪሎ በታች የሆነና ጀማሪ፣ 146 ወይም 154። መካከለኛ ሰውነት ያለው፣ የሚነዳበትን ገና በደንብ የማያውቅ፣ 154 ወይም 155። ከነልብሱና ከነቦርሳው 100 ኪሎ የሚያልፍ፣ ወይም ደረቅ ዱቄት ላይ የሚውል፣ 163 ወይም 165። ከዚያ በላይ ያለውን የሚፈልግ ሰው እኔን አይጠይቅም፤ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ረጅም ትራክ ከበረዶ ናዳ አያድንም። እንዲያውም አጭሩ የማይደርስበት ዳገት ላይ ያደርሳችኋል። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ነው፤ ረጅም ትራክ የሚገዛውም ያን ለመውጣት ነው። ሲግናል የሚልክ መፈለጊያ፣ መውጊያ ዘንግና አካፋ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ላይ ይያዝ። ማሽኑ ላይ የታሰረ አካፋ ማሽኑ ከተቀበረ የለም ማለት ነው። ካናዳ ያላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የአቫላንሽ ካናዳን ማስጠንቀቂያ አንብቡ።

ጥርሱና ወርዱ

ይኼኛው አጭር ነው። የተራራ ትራክ ጥርስ ከ2.25 እስከ 3 ኢንች ይረዝማል። ለዱቄት 3 ጥሩ ነው። ጠንካራ መንገድ ላይ በፍጥነት ስትነዱበት ግን ይሞቃል፣ ይቆራረሳል። ሁለቱንም የምትነዱ 2.5 አካባቢ ያዙ። ወርዱ 15 ወይም 16 ኢንች ነው፤ በእሱ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

በነገራችን ላይ የብዙዎቹ ሞተር የሚቀዘቅዘው ትራኩ በሚረጨው በረዶ ነው። የተጠቀጠቀ ደረቅ መንገድ ላይ የሚረጭ ነገር ስለሌለ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል። በረዶውን ቧጥጠው የሚያነሱ ሽቦዎች አሉ፤ በረዶውን እንዲነኩ ዝቅ አድርጓቸው። የኪራይ ማሽን ሲመለስ በብዛት የምናየው ጥፋት እነሱን መርሳት ነበር።

ያገለገለ ስትገዙ

ሻጩ የነገራችሁን ርዝመት አትመኑ፤ ቁጠሩት። ትራኩ ከውስጥ በኩል ሞተሩ እየያዘ የሚያሽከረክርባቸው ትንንሽ ጥርሶች አሉት። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ከመሐል እስከ መሐል ለኩ። 2.86፣ 3 ወይም 3.5 ኢንች ይሆናል። ከዚያ ዙሪያውን ቆጥራችሁ አባዙ። 3 ኢንች እየተራራቁ 55 ከሆኑ 165 ነው። 3.5 እየተራራቁ 44 ከሆኑ 154 ነው። አንዱን ጥርስ ቀለም ቀብታችሁ ከእሱ ጀምሩ፤ ከየት እንደጀመራችሁ ትረሳላችሁ። እኔ ረስቻለሁ።

ከዚያ ማሽኑን ከኋላ አንሥታችሁ ትራኩን በእጅ አዙሩት። የተገነጠለ ጥርስ፣ የወጣ ክር፣ የተጣመመ ዘንግ ፈልጉ። አንድ ሁለት ጥርስ ጫፉ ቢጎድል ችግር የለም። ተከታትለው ከሥር የተነቀሉ ካሉ ግን ዋጋውን ሳይሆን ማሽኑን ተዉት።

አጭር ገዝቼ በኋላ አስረዝማለሁ የሚል ሰውም አለ። ይቻላል። ግን ትራኩን ብቻ መቀየር አይደለም፤ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ይረዝማል፣ ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ ይረዝማል፣ አንዳንዴ የማርሹም ጥርስ ይቀየራል። ሠርቼዋለሁ፤ ደንበኛው ሒሳቡን ሲያይ የሰጠኝን ፊት አልረሳም። ከመጀመሪያው የምትፈልጉትን ርዝመት ግዙ።

የመኪናችሁንም ነገር ለኩ። የተራራ ስኖሞቢል ከ3 ሜትር በላይ ይረዝማል። የብዙ ፒካፕ መጫኛ ደግሞ ከ1.7 እስከ 2.4 ሜትር ነው። ከመጫኛው በላይ የሚገጠም መደርደሪያ ወይም ተጎታች ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ጋራዥ ካላችሁም በሩ ይዘጋ እንደሆነ እዩ።

የእህቴ ልጅ ጥምቀትን አክብሮ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በቪዲዮ ደወለ። የአንድ ሻጭ ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ጓንቱን አውልቋል፣ እጁ ቀልቷል። «ሻጩ 163 ነው ብሎኝ ነበር» አለኝ፣ «2.86 እየተራራቁ 51 ሆኑብኝ። ስንት ነው ጋሼ?»

«146» አልኩት። «ሞተሩስ?»

«600።»

«እንግዲያው ጥርሶቹን አሳየኝ» አልኩና መነጽሬን ፈለግኩ።