የገጠር ማኅበረ ምእመናንን ታሪክ እንዴት ትጽፋላችሁ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ዙሪያ አጥቢያዎች

«መቼ ተመሠረተች?» ብሎ መነሣት ሥራውን ከጅምሩ ያጣምመዋል። በደሴ ዙሪያ፣ በኩታበር ወይም በቃሉ ወረዳ ገጠር ያለች ትንሽ የወንጌላውያን ማኅበረ ምእመናን ብዙውን ጊዜ ሦስት መጀመሪያ አላት፦ በአንድ ሰው ቤት ጸሎት የተጀመረበት፣ የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁበትና የዕውቅና ደብዳቤ የመጣበት። ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ብታዩ አንዱ ጸሎቱን፣ ሌላው ደብዳቤውን እየቆጠረ ነው። ሦስቱን ለየብቻ መዝግቡ።

አዛውንቶችን ዓመተ ምሕረት አትጠይቋቸው፤ ቢነግሯችሁም አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነው። «ገበሬ ማኅበር ከመቋቋሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሏቸው። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ስለሆነ መልሱ ወዲያው ወሰን ያበጃል። የ1966ቱ አብዮት፣ ደርግ የወደቀበት 1983፣ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ የገባበት 2014ም እንዲሁ ያገለግላሉ። «በረሃቡ ጊዜ» ሲባል ግን አትለፉት። ወሎ በ1965 እና 66ም በ1977ም ተርባለች፤ በወሬ ላይ ሁለቱ ይደባለቃሉ። «ያኔ ለሰፈራ የተወሰደ ሰው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካለ የኋለኛው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ከሚሲዮናውያን የተገኘ ደብዳቤ ወይም ፎቶ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር 10 ገደማ የተጻፈ ከሆነ 8፣ ከዚያ እስከ ዲሴምበር ከሆነ 7 ቀንሱ። ስለዚህ የዲሴምበር 1965 ደብዳቤና የፌብሩዋሪ 1966 ደብዳቤ ሁለቱም የእኛ 1958 ናቸው። ሁሌ 8 የሚቀንስ ሰው የመጀመሪያውን ወደ 1957 ይወስደዋል፤ ደብዳቤው ስለ ጥምቀት የሚናገር ከሆነም ጥምቀቱ ከወንጌላዊው መምጣት የቀደመ ሊመስል ይችላል። ዋናውን ቀን ሳትሰርዙ የእኛን አጠገቡ ጻፉ።

ስምም እንዲሁ ወደ ኋላ ይሳባል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው በ1951 ነው። «በ1948 የመካነ ኢየሱስ አባል ሆንኩ» ያለ ገጠሬ አልዋሸም፤ የዛሬውን ስም ለያኔው የሚሲዮን ሥራ ሰጥቶ ነው።

ወረቀት ፍለጋ ስትገቡ ከቃለ ጉባኤና ከጥምቀት መዝገብ ጋር የቆርቆሮና የሚስማር ደረሰኞችን፣ በተለይ ደግሞ የመቃብር ቦታ ጉዳይ ያለበትን ፋይል አውጡ። ስለ መቃብር ከቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ስላለው ከማንኛውም ትዝታ ይበልጥ ይታመናል። በደርግ ዘመን መዝገቡ ባዶ ሆኖ ብታገኙት ጉባኤው ተበትኗል ብላችሁ አትደምድሙ፤ በየቤቱ ተደብቆ የሚጸልይ ሰው ስም ዝርዝር አይጽፍም። በ2014ቱ ጦርነት የጠፋ መዝገብ ካለ ወደ ሲኖዶሱ (የአካባቢው አጥቢያዎች የበላይ አካል) ወይም ወደ ቤተ እምነቱ ጽሕፈት ቤት የተላከ ዓመታዊ ሪፖርት ፈልጉ።

ገጾቹን ፎቶ ስታነሡ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከገጹ ትይዩ አድርጋችሁ ይሁን። የተቀደደ ወረቀት ላይ ፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ሲያረጅ ጽሑፉን ይዞት ይላጣል። ከፎቶ ጀርባ በእርሳስ እንጂ በእስክርቢቶ አትጻፉ።

የወሎ ልዩ ፈተና የሰው ስም ነው። በአንድ ቤት ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስና ጴንጤ አብረው ይኖራሉ። ከእስልምና የመጣ አማኝ በጥምቀት መዝገቡ አንድ ስም፣ በመታወቂያው ሌላ ስም ሊኖረው ስለሚችል አንዱን ሰው ሁለት አድርጋችሁ ትቆጥራላችሁ። በደብተራችሁ አራት ዓምድ ክፈቱ፦ የመዝገብ ስም፣ ጎረቤት የሚጠራው ስም፣ የአባት ስም፣ የነገረን ሰው። ይህ ደብተር አይታተምም። በሕይወት ያለ ሰው ስም የሚወጣው ራሱ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ አሳዳጅ ተብሎ የሚነሣ ጎረቤት ስም ደግሞ ባይወጣ ይሻላል፤ ልጆቹ ዛሬም እድርተኞቻችሁ ናቸው።

ሴቶችን ለብቻቸው አነጋግሩ። ባሎች ባሉበት ወንጌላዊውን ማን እንዳስተናገደ፣ የጸሎት ቤቱን ቁልፍ ማን እንደያዘ አይወጣም፤ የታተሙ የአጥቢያ ታሪኮች ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው።

ረቂቁን ከአምልኮ በኋላ በጉባኤው ፊት አንብቡት። ተቃውሞ ሲነሣ ድምፅ አታሰጡ፤ ሁለቱንም አባባል ከነተናጋሪው አስገቡ። ከዚያ ሦስት ቅጂ አትሙ፤ አንዱ በአጥቢያው፣ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ባለ አባል ቤት ይቀመጥ፤ የድምፅ ቅጂዎቹም በፍላሽ ዲስክ አብረውት ይሁኑ።