የኦራክል ላይሰንስ ሲያንስ ሁለተኛውን ሲፒዩ እንዴት እንንቀል?

ተቋማችሁ ለኦራክል ዳታቤዝ ሶፍትዌር 8 የፕሮሰሰር ላይሰንስ (በሰርቨሩ ኮር ብዛት የሚሰላ የመጠቀሚያ ፈቃድ) አለው እንበል፤ ኢንተርፕራይዝ ኤዲሽን፣ ማለትም ትልቁ የዳታቤዙ ዓይነት። በጨረታ የገባው አዲሱ ሰርቨር ግን እያንዳንዳቸው 16 ኮር (የማስሊያ ክፍል) ያላቸው ሁለት የኢንቴል ሲፒዩ ይዞ መጣ። 32 ኮር ኦራክል ለኢንቴል ባወጣው ማባዣ (ኮር ፋክተር)፣ ማለትም በ0.5፣ ሲባዛ 16 ላይሰንስ ይሆናል። እጃችሁ ላይ ያለው ግማሹ ነው፤ የሚበቃው ለአንዱ ሲፒዩ ብቻ። ሃይፐርትሬዲንግን (አንዱን ኮር እንደ ሁለት የሚያሳየውን) ብታጠፉም ለውጥ የለውም፤ የሚቆጠረው ኮር ነው።

የጎደለውን እንግዛ ካላችሁ፣ የአንዱ ይፋዊ ዋጋ 47,500 ዶላር ነው። ስምንቱ 380,000 ዶላር። በየዓመቱ ደግሞ 22 በመቶ የሰፖርት ክፍያ አለ፤ 83,600 ዶላር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት፣ ዶላር 57 ብር አካባቢ ሳለ፣ ይሄ ሰፖርት ብቻ 4.8 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ዶላር 100 ብር ሲገባ 8.36 ሚሊዮን ደረሰ። የመንግሥት ተቋም ዳታቤዝ አስተዳዳሪ ነኝ፤ ለማንጠቀምበት ኮር ይህን ያህል የሕዝብ ገንዘብ ሲወጣ ያመኛል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በሶፍትዌር መገደብ ነው። ሊኑክስ ላይ ኮሮቹን ኦፍላይን ማድረግ፣ ዳታቤዙ የሚጠቀምበትን የሲፒዩ ብዛት (ሲፒዩ ካውንት) ዝቅ ማድረግ፣ በቪኤምዌር አንዱን ሰርቨር ከፋፍሎ ለቨርቹዋል ማሽኑ 16 ኮር ብቻ መስጠት። ለኦራክል አንዱም አያሳምነውም። እሱ የሚቆጥረው ሶፍትዌሩ የተጫነበትን ወይም የሚሠራበትን ማሽን ነው። ባዮስ (የሰርቨሩ መነሻ ማስተካከያ) ገብቶ ኮር መቀነስስ? የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን የኦራክል የፓርቲሽኒንግ ፖሊሲ (የሚቆጠሩትን ኮሮች ስለመገደብ ያወጣው ሰነድ) ለተራ ሰርቨር ከፈቀዳቸው መንገዶች ዝርዝር ውስጥ የለም። የጽሑፍ ማረጋገጫ ካልያዛችሁ አትተማመኑበት። ኦራክል ዳታቤዝ አፕላያንስ (ኦራክል ራሱ ለዳታቤዝ የሚሸጠው ሰርቨር) ያላችሁ ሌላ ነው፤ እሱ በኦራክል የታወቀ የራሱ የኮር መገደቢያ ትእዛዝ አለው።

ለተራ ሰርቨር ግን የማያከራክረው ሲፒዩውን መንቀል ነው።

ከመንቀላችሁ በፊት ሥራው በአንድ ሲፒዩ እንደሚሄድ አረጋግጡ። የወር መጨረሻውን የኤደብሊውአር ሪፖርት (ዳታቤዙ የራሱን የሥራ ጫና የሚያሳይበትን) እዩ፤ የተራ ቀን ሪፖርት ያዘናጋችኋል። ከዚያ ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈውን ሥዕል በደንብ አጥኑ። ግማሹ የራም ቦታና ከፊሉ የፒሲአይ (ተጨማሪ ካርድ የሚሰካበት) ቦታ የሚሠራው በሁለተኛው ሲፒዩ ነው። እሱ ሲወጣ አብረው ይሞታሉ። ሰርቨሩን ከውጭ ዲስኮች ጋር የሚያገናኘው የስቶሬጁ ፋይበር ካርድ እዚያ ከተሰካ ዳታቤዙ ዲስኮቹን አያገኛቸውም። ካርዱን አዛውሩት፤ ራሙንም አምራቹ ባስቀመጠው ቅደም ተከተል ወደ አንደኛው ሲፒዩ አምጡት። ሁሉም ካልገባ ሚሞሪው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኤስጂኤውን (ዳታቤዙ የሚይዘውን የጋራ ሚሞሪ) እና ሂውጅ ፔጁን (ሊኑክስ ለእሱ የሚያስቀምጠውን ሚሞሪ) ቀድማችሁ ቀንሱ። አለዚያ ዳታቤዙ ላይነሳ ይችላል።

ባካፕ ውሰዱ፣ ባካፑም እንደሚመለስ ሞክሩት። ሰርቨሩን አጥፍታችሁ ሁለቱንም የኃይል ገመድ ንቀሉ፤ የስታቲክ መከላከያ አምባር እጃችሁ ላይ ይሁን። ባለ 3647 ሶኬት (የሲፒዩ መሰኪያ) ሰርቨር ከሆነ ሂት ሲንኩ (የሲፒዩው ማቀዝቀዣ ብረት) በቲ30 ቶርክስ መፍቻ ይፈታል። የብሎኖቹ ተራ ቁጥር ራሱ ላይ ተጽፏል፤ አምራቹ ለመፍቻ ባስቀመጠው ቅደም ተከተል ፍቱ። ሲፒዩው ከሂት ሲንኩ ጋር ተያይዞ ነው የሚነሳው። ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱት። ከሥር ያሉት የሶኬቱ ፒኖች እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ ጣት ከነካቸው ይጎብጣሉ። የፕላስቲክ መሸፈኛውን ወዲያው ግጠሙበት። ሂት ሲንኩ የነበረበትንም ቦታ ባዶ አትተዉት፤ የአየሩ ፍሰት ይዛባል። ለዚህ የተሠራ ማስመሰያ ስላለ ከአቅራቢው ጠይቁ።

ሰርቨሩ ሲነሳ ሊኑክስ ላይ ኤልኤስሲፒዩ (lscpu) የሚለውን ትእዛዝ ሰጥታችሁ እዩ፤ አንድ ሶኬት፣ 16 ኮር ማለት አለበት። ዳታቤዙ ውስጥ ደግሞ ቪ ዶላር ላይሰንስ (V$LICENSE) የሚባለውን ሠንጠረዥ ጠይቁ። ዲቢኤ ሲፒዩ ዩሴጅ ስታቲስቲክስ (DBA_CPU_USAGE_STATISTICS) የሚባለውንም እዩት። እሱ ቀድሞ የነበረውን የኮር ብዛት ከነቀኑ ይመዘግባል። ለዚህ ነው ኦራክል ከመጫኑ በፊት ንቀሉ የምለው። ተጭኖ ከቆየ መዝገቡ 32 ይላል፤ እንዳትነኩት። ያለፈው ጊዜ የላይሰንስ ጉዳይ ሲፒዩውን በመንቀል የሚሰረዝ አይደለም፤ ከሕግ ክፍል ጋር ተነጋገሩበት።

በዳታ ጋርድ የሚሠራ ስታንድባይ (ዋናው ሲበላሽ የሚተካ የዳታቤዙ ቅጂ ያለበት ሰርቨር) ካላችሁ እሱም ላይሰንስ ይፈልጋል፤ እዚያም ያው ሥራ ይደገማል። ስታንዳርድ ኤዲሽን 2 (ዝቅ ያለውን የዳታቤዙን ዓይነት) ለመጠቀም ባለ አራት ሶኬት ሰርቨር ላይ ሁለቱን መንቀል ግን አያዋጣም። ለዚያ ኤዲሽን የሚታየው ሰርቨሩ የሚችለው የሶኬት ብዛት ነው፤ ሶኬቱ ባዶ ቢሆንም ይቆጠራል።

የወጣውን ሲፒዩ መሳቢያ ውስጥ አትተዉት። ሴሪያል ቁጥሩን፣ ቀኑንና የሰርቨሩን ስም ጽፋችሁ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ንብረት ክፍል በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን፤ አንዱ ቅጂ ከላይሰንስ ውሉ ጋር ይታሰር።