የአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳን መስመሮች በግራፍ ወረቀት እየሳሉ ማወቅ

የአሜሪካ እግር ኳስ ታላቁ የፍጻሜ ግጥሚያ፣ ሱፐር ቦል፣ በየካቲት መግቢያ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። ፒያሳ ባለው ቤታችን ጋቢ ደርበን ስንመለከት፣ ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሌላ ኳስ የማያውቀው የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ቅድም 40 ላይ ነበሩ። እስካሁን ወደ ፊት ሲሄዱ ቆይተው እንዴት ተመልሰው 40 ላይ ይገኛሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ይህን ጨዋታ አዲስ የሆነበት ሰው ሁሉ የሚደናቀፍበትን ቦታ በትክክል የሚያመለክት ነው። እኛ በለመድነው እግር ኳስ መስመር ማለት ወሰን ነው፤ የሜዳውን ዳር፣ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉን፣ የመሀሉን ክብ ይለያል። በአሜሪካ እግር ኳስ ግን አብዛኛው መስመር መለኪያ ነው፤ ሜዳው ሣር ላይ የተዘረጋ ትልቅ ማስመሪያ ነውና ማስመሪያውን ማንበብ የማይችል ተመልካች የሚያየው ግርግር ብቻ ነው።

ማንበቡን ለመልመድ ሜዳውን በገዛ እጅ ከመሳል የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። አራት ኪሎም ሆነ ፒያሳ ካሉ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ግራፍ ወረቀት፣ ማስመሪያና እርሳስ ይግዙ። የሜዳው መለኪያ ያርድ ሲሆን አንድ ያርድ 91.44 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለት ክንድ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ርዝመት ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ አንዱን ያርድ በ2 ሚሊ ሜትር ይተኩት። እንዲህ ሲሆን 5 ያርድ ልክ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በሜዳው ላይ ዋና ዋናዎቹ መስመሮች የሚሰመሩትም በየ5 ያርዱ ስለሆነ፣ የግራፍ ወረቀቱ ደማቅ መስመሮች ሥራውን ግማሽ ያቀሉልዎታል።

ወረቀቱን አጋድመው 24 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 10.7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ይሳሉ። ይህ 120 ያርድ በ53 ያርድ ከሲሶ የሆነው ሙሉ ሜዳ ነው፤ በሜትር 109.7 በ48.8 ይሆናል። ለዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ግጥሚያዎች ከሚመከረው 105 በ68 ሜትር ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ረዘም፣ በጣም ደግሞ ጠበብ ያለ ነው። ከዚያም ከግራና ከቀኝ ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው አንዳንድ ቁም መስመር ያስምሩ። እነዚህ የጎል መስመሮች ናቸው። ከእነሱ በስተጀርባ የቀሩት 10 ያርድ ስፋት ያላቸው ሁለት ክፍሎች ኤንድ ዞን ይባላሉ፤ ኳስ ይዞ እዚያ የደረሰ ቡድን ተችዳውን ያስቆጥራል፣ 6 ነጥብም ያገኛል።

በሁለቱ የጎል መስመሮች መካከል በቀረው 20 ሴንቲ ሜትር ላይ በየሴንቲ ሜትሩ ቁም መስመር ያስምሩና በየሁለተኛው መስመር ቁጥር ይጻፉ። ከግራ ሲነሡ 10፣ 20፣ 30፣ 40 ብለው 50 ይደርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን 60 የሚባል የለም፣ ቁጥሩ 40፣ 30፣ 20፣ 10 እያለ ይወርዳል። የእህቴን ልጅ ያደናገረው ይኸው ነው። ቁጥሩ የሚነግረን ቡድኑ ምን ያህል እንደ ተጓዘ ሳይሆን በቅርብ ያለው የጎል መስመር ስንት ያርድ እንደሚርቅ ነው፤ ስለዚህም እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲገኝ 50 ብቻ አንድ ጊዜ ይጻፋል። ካሜራው የሜዳውን ከፊል ብቻ ሲያሳይ የትኛው 40 እንደ ሆነ ለመለየት ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይመልከቱ፤ ጫፏ ወደ ቅርቡ የጎል መስመር ያመለክታል። በ50 አጠገብ ይህች ምልክት የለችም፤ ሁለቱም ጎሎች እኩል ይርቃሉና።

የእነዚህ መስመሮች መነሻ የጨዋታው ዋና ሕግ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) አንድ ቡድን ኳሷን ይዞ ለመቆየት በ3 ሙከራ 5 ያርድ እንዲገፋ ተደነገገ፤ አምስት ያርድ መሞላቱን ለማወቅ ደግሞ ሜዳውን ማስመር ግድ ሆነ። ሜዳው የሥጋ መጥበሻ ፍርግርግ ስለ መሰለ እስከ ዛሬ በዚያው ስም፣ ግሪድአይረን እየተባለ ይጠራል። በ1912 ሙከራው 4፣ የሚጫወቱበት ርዝመት 100 ያርድ ሆኖ ኤንድ ዞኑም ታከለበት። ዛሬ በ4 ሙከራ 10 ያርድ መግፋት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ሙከራ ዳውን ይባላል።

ከመሀሉ በሁለት ረድፍ የተደረደሩት አጫጭር ጭረቶች ሃሽ ማርክ ይባላሉ፤ የእያንዳንዱን ያርድ ቦታ ያሳያሉ። በወረቀቱ ላይ ከየጎን መስመሩ 4.7 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ቢያስቀምጧቸው በመካከላቸው 1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀራል። ይህ የኤን ኤፍ ኤል፣ ማለትም የአሜሪካው ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ልክ ሲሆን በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ግን ሁለቱ ረድፎች የሚራራቁት 12.2 ሜትር ነው፣ ከኤን ኤፍ ኤሉ እጥፍ ይበልጣል። እኔ ከሁሉም ምልክት እነዚህን አብልጬ እወዳቸዋለሁ፤ የመጡበት ታሪክ አለና። በታኅሣሥ 1932 በቺካጎ ሊካሄድ የነበረው የሻምፒዮና ግጥሚያ በበረዶና በብርድ ምክንያት በጣሪያ ሥር ወደሚገኝ አዳራሽ ተዛወረ። ሜዳው 80 ያርድ ብቻ ነበር፣ ግድግዳውም ከዳር መስመሩ እጅግ የቀረበ ስለ ነበር ኳሷ ዳር ላይ ስትቆም ወደ መሀል እንድትገባ ተደረገ። ለአንድ ምሽት ተብሎ የተደረገው በማግሥቱ ዓመት ደንብ ሆነ። ስለዚህ ተጫዋቹ ዳር ላይ ቢወድቅ ቀጣዩ ዳውን የሚጀምረው ከቅርቡ ሃሽ ማርክ ላይ ነው።

የእግር ኳስ ተመልካች ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለበት በዳር መስመሮች ላይ ነው። በአዲስ አበባ ስታዲየም ኳስ ስናይ ባደግንበት ሕግ መስመሩ የሜዳው አካል ነው፤ ኳሷ ሙሉ በሙሉ ካላለፈችው አልወጣችም፣ ጎልም አይሆንም። በአሜሪካው ግን የጎንና የኋላ መስመሮች ከሜዳ ውጪ ናቸው፤ ኳስ የያዘው ተጫዋች የጫማው ጫፍ ነጩን ቀለም ከነካ ወጥቷል። የጎል መስመሩ ደግሞ የኤንድ ዞኑ አካል ነው፤ በሜዳ ውስጥ ባለ ተጫዋች እጅ ያለችው ኳስ ጫፏ ብቻ ከመስመሩ ፊተኛ ጠርዝ በላይ ያለውን አየር ከነካ ተችዳውን ይሆናል። ተጫዋቾች ኳሷን በአንድ እጅ ዘርግተው በማዕዘኑ ላይ ወዳለችው ብርቱካናማ ምሰሶ የሚወረወሩት ለዚህ ነው።

የጎሉ ብረት ከጎል መስመሩ ላይ ሳይሆን ከኋላ መስመሩ ላይ ይቆማል፤ በኤን ኤፍ ኤል ወደዚያ የተዛወረው በ1974 ነው። በመሆኑም ወደ ጎል በእግር ሲመታ በመስመሩ ቁጥር ላይ ኤንድ ዞኑ 10 ያርድ፣ ኳሷ ወደ ኋላ ተሰጥታ የምትቆምበት ቦታ ደግሞ 7 ወይም 8 ያርድ ይጨምራል። 10 ያርዱ የሚሞላበትን ቦታ እያሳየ በቴሌቪዥን የሚታየው ቢጫ መስመር ከ1998 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሣል እንጂ ሜዳው ላይ የሌለ ነው፤ ዳኞቹ ለረጅም ጊዜ ያምኑ የነበረው ከዳር የሚቆመውን የ10 ያርድ ሰንሰለት ነው፤ በኤን ኤፍ ኤል ከ2025 ጀምሮ ግን ርቀቱ በካሜራ ይለካል፣ ሰንሰለቱም በመጠባበቂያነት ከዳር ይቆማል።

አሁን አንድ ፍሬ ምስርና በ2 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ የክብሪት እንጨት ያምጡ፤ ምስሩ ኳስ፣ እንጨቱ ሰንሰለት ይሁን። ምስሩን በግራ ክልል 28 ላይ ያስቀምጡ። 6 ያርድ ሲገፉ 34 ላይ ይደርሳሉ፤ ሁለተኛ ዳውን ነው፣ 4 ይቀራል። 3 ሲጨምሩ 37፤ ሦስተኛ ዳውን፣ 1 ይቀራል። በዚህ ጊዜ 18 ያርድ የሚያስገኝ ኳስ ቢቀበሉ ምስሩ 50ን አልፎ በተጋጣሚው ክልል 45 ላይ ያርፋል፤ እንጨቱን አንሥተው ከዚያ ወደ 35 ይዘርጉት፣ እንደገናም አንደኛ ዳውን ይበሉ። የእህቴ ልጅ ያን ሌሊት ምስሩን 40 ላይ አድርሶ፣ በአራተኛው ዳውን 5 ያርድ ቀርቶት፣ ከዚያ ቢመታ ስንት እንደሚሆን ስጠይቀው ጣቱን በወረቀቱ ላይ እየቆጠረ እስከ ኋላ መስመሩ አስኬደና፣ «57፤ ወደ ኋላ ካበዛት 58» አለኝ።