የኡቡንቱን ማሻሻያ ለሁሉም ከመለቀቁ በፊት ለሚሞክሩ

ኡቡንቱ ለተባለው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና፣ ለተለቀቀ ስሪቱ የሚዘጋጅ ማስተካከያ በቀጥታ ወደ ተጠቃሚው ኮምፒውተር አይሄድም፤ በመጀመሪያ «ፕሮፖዝድ» በተባለው የሙከራ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጥና፣ እንደተለመደው አሠራር ቢያንስ 7 ቀን ቆይቶ፣ ስህተቱን በእርግጥ ማረሙ በሙከራ ሲረጋገጥ ወደ መደበኛው የማሻሻያ ማከማቻ ይዛወራል። በዚህ ጊዜ መሞከር የሚፈልግ ሰው ማከማቻውን ከፍቶ ያገኘውን ሁሉ እንዳይጭን እመክራለሁ፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ከተጫኑት ፓኬጆች (የሶፍትዌር ጥቅሎች) መካከል ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ መለየት እጅግ አድካሚ ነውና።

የተሻለው መንገድ በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር በሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ስናፕሾት (ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስችል የማሽኑ ሁኔታ ቅጂ) መያዝና፣ አሮጌው ፓኬጅ እንዳለ፣ ስህተቱ ሆን ተብሎ እንዲከሰት ማድረግ ነው። ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ነገር ግን ችግሩን በዓይኑ ያላየ ሞካሪ «ተስተካክሏል» ቢል ምስክርነቱ ክብደት የለውም። ከዚያ የሚፈተነውን ፓኬጅ ብቻ ለይቶ መጫን ይበቃል፤ «ኖብል» በሚል ስም ለሚጠራው ለ24.04 ስሪት ከሆነ፣ በ«አፕት ኢንስቶል» የመጫኛ ትእዛዝ ከፓኬጁ ስም ቀጥሎ እዝባር አድርጎ «ኖብል-ፕሮፖዝድ» የሚለውን የማከማቻ ስም መጻፍ ነው። ስህተቱ መጥፋቱን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ይሠራ የነበረው ሁሉ አሁንም መሥራቱን ማየት ያስፈልጋል።

የከርነል (ሃርድዌሩን የሚያስተዳድረው የስርዓተ ክወናው እምብርት) ማሻሻያ ግን በቨርቹዋል ማሽን ብቻ አይፈተንም፤ ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነቃ ዋይፋዩ መመለሱ የሚታወቀው በእውነተኛው ማሽን ላይ ነው። ውጤቱ የኡቡንቱ ስህተቶች በሚመዘገቡበት ድረ ገጽ በላውንችፓድ ሲመዘገብ የተሞከረው ፓኬጅ ሙሉ የስሪት ቁጥርና የተከናወኑት እርምጃዎች አብረው ይጻፉ።